የመድረክ ጀርባ ጥበቃ የጉልበት ሥራ ብቻ አይደለም



ለመጪው በዓል ሜዳው ላይ የሙዚቃ ዝግጅት ይኖራል። ጥበቃውን የሰፈሩ ወጣቶች ይያዙት መባሉ ደስ ይለናል። ነገር ግን «ጡንቻ ያለው ይቁም፣ ቢራ እንጋብዘዋለን» የሚለውን ሐሳብ እኛ አንደግፍም።

ምክንያት አለን። ከመካከላችን በየአዳራሹ የመድረክ ጀርባ በር ስንጠብቅ ያመሸን አለን። ከፊት ያለው ሰው ዘፋኙን ያያል፤ እኛ የምናየው የተዘጋውን በርና ግፊያውን ነው። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባል የለ!

የሌላውም አገር ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ አልታሞንት በተባለ ቦታ በተደረገው የሮክ ኮንሰርት፣ መድረኩ ዘንድ እንዲቆሙ የተደረጉት ሄልስ ኤንጅልስ የሚባሉ የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ነበሩ፤ ዋጋቸውም ቢራ እንደነበር ተነግሯል። ሮሊንግ ስቶንስ እየተጫወቱ ሳለ፣ ሽጉጥ ያወጣ የ18 ዓመት ወጣት ከእነርሱ በአንዱ በስለት ተወግቶ ሞተ። በ1979 ደግሞ ሲንሲናቲ ላይ፣ ዘ ሁ የተባለው ባንድ ሊጫወት ሲል፣ ሕዝቡ በር ላይ ተጨናንቆ የ11 ሰው ሕይወት አለፈ። የተከፈቱት በሮች ጥቂት ነበሩ።

ስለዚህ የምንለው ይኸው ነው። ጠባቂ ሥራው ሳያልቅ አይጠጣ፤ አበሉን በገንዘብ ይቀበል። በሮቹ ሁሉ ቀደም ብለው ይከፈቱ። ከመድረኩ ኋላ ለአምቡላንስ መንገድ ይተው። የሚቆሙትም ትዕግሥት ያላቸው ይሁኑ። ልጆቻችን በሰላም ሄደው በሰላም ይመለሱልን።

የማኅበሩ ጸሐፊ