ግድግዳችንን በገዛ እጃችን ሥራ እናስጊጥ



በሚቀጥለው ስብሰባ የምንነጋገርበት አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም መሰብሰቢያ ክፍላችን ቀለም ከተቀባ በኋላ በምን ይጌጥ የሚለው ነው። ከፊሉ አባል የፕላስቲክ አበባ፣ የፋብሪካ መጋረጃና የባሕር ማዶ ሥዕል ከሸዋ ሮቢት ይገዛ ብሏል። እኔ ግን የተለየ አሳብ ስላለኝ፣ በስብሰባው ላይ ጊዜ እንዳልፈጅ አስቀድሜ እዚህ ልጻፈው ብያለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ቤቴን ያደስኩ ጊዜ የእናቴን ሌማትና ሰፌዶች ከግድግዳ አውርጄ ማድ ቤት ወረወርኳቸው። በቦታቸው ሐይቅና በረዶ ያለበት የወረቀት ሥዕል ለጠፍኩ። አገሩ የት ነው ብትሉኝ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ታዲያ አንድ ቀን ልጄ ሥዕል ሥለሽ ነይ ተብላ ከትምህርት ቤት መጣች። ያንን ሐይቅ ትገለብጣለች ስል፣ እሷ ማድ ቤት ገብታ ጥላሸት የጠጣውን የአያቷን ሌማት አወጣች። ጠረገችውና ዙሪያውን የሚሄደውን የአለላ ሐረግ እየቆጠረች ሣለችው። «አባዬ፣ አያቴ ይኸን ከየት አይታ ነው የሰፋችው?» አለችኝ። ከልቧ አውጥታ ነዋ! ደብተር የለ፣ ማስመሪያ የለ፤ አክርማና ወስፌ ብቻ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ይኸው ነው።

ከተማችን አሊዩ አምባ ለጥሩ ነገር እንግዳ አይደለችም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ነጋዴ የሚያርፍባት ገበያ ነበረች። በ1833 ዓ.ም. የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም በዚሁ አልፏል። አርጎባዎቹ ወገኖቻችን በንግድና በሽመና ስማቸው የተጠራ ነው። ያኔ በንግድ እንገናኛት የነበረችው ሐረር ዛሬም የቤቷን ግድግዳ ስፌትና ሳሕን ታለብሳለች። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም የቤቶቹ የውስጥ አሠራር ከተመሰገኑት ነገሮች አንዱ ነበር።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ከበላያችን አንኮበር የተወለዱት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ነበሩ። አዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ያ ትልቁ የመስታወት ሥዕል የእሳቸው ሥራ ነበር። ያን የሚያህል አዳራሽ የአገር ልጅ ሥራ ካላሳፈረው፣ የኛን አንዲት ክፍል ምን ያሳፍራታል?

ነገሩ የድሮ ንቀት ነው። ባለ እጅን መስደብ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ እቤታችን ተቀምጧል። ሸማኔውን «ጎበዝ ነህ» እንለዋለን፤ መጋረጃ ስንፈልግ ግን ደጁን አልፈን እንሄዳለን። እንዲህ እየሆነ ልጁ መወርወሪያውን ባይጨብጥ ይፈረድበታል?

ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ ይታጠባል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ቀለሙ ቶሎ ይለቃል፤ ገንዘቡም አንዴ ከሰፈር ወጣ ማለት ወጣ ነው። ለሸማኔና ለስፌት ሠሪ የሚከፈለው ብር ግን እዚሁ ልጅ ያስተምራል።

ስለዚህ አሳቤ የሚከተለው ነው።

1. መጋረጃው በሰፈራችን ሸማኔ ይሠራ፤ ጥለቱም ከግድግዳው ቀለም ጋር የሚስማማ ሆኖ ይመረጥ።

2. ፈቃደኛ የሆነ ቤት አንድ አሮጌ ስፌት ያውሰን። በመዝገብ ይፈረምበት፤ ጭስና ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ይሰቀል።

3. አዲስ የሚሰፉልን እናቶች ዋጋቸው ይከፈላቸው። «ለማኅበሩ ነውና በነፃ አምጡ» አይባል።

4. በእያንዳንዱ ሥራ ሥር የሠሪው ስም ይጻፍ።

የማይስማማ ሰው በስብሰባው መጥቶ ይናገር፤ በድምፅ ብልጫ የተወሰነውን እኔም እቀበላለሁ። የእናቴ ሌማት ግን ቤቴ ግድግዳ ላይ ተመልሷል። አሳቤ ካለፈ መጀመሪያ የማውሰው እኔ ነኝ፤ በሥሩም ስሟን ልጄ ትጽፈዋለች።

የማኅበሩ ጸሐፊ