«ቅመም እኮ ነው!»

የሳፍሮን እንክብል ሻጮች ሁለት ምላስ አላቸው። ሲሸጡልን «ድብርት ያባርራል፣ እንቅልፍ ያመጣል» ይሉናል። «ጉዳቱስ?» ስንላቸው ደግሞ «ኧረ ቅመም እኮ ነው!»። ጎበዝ፣ አንዱን ምረጡ! እንደ መድኃኒት የሚሠራ ነገር እንደ መድኃኒትም ሊጎዳ ይችላል።

ጠባችን ሩዝ ላይ ጣል ከምትደረገው ቁንጣሪ ጋር አይደለም፤ ከእንክብሉ ጋር ነው። ስለ ድብርት በተደረጉ ጥናቶች በብዛት የተሰጠው መጠን በቀን 30 ሚሊግራም ነው። 5 ግራምና ከዚያ በላይ ግን ሊመርዝ ይችላል። እርጉዝ ሴት በእንክብል መጠን እንድትወስደው አይመከርም፤ ማኅፀንን ሊያኮማትር ይችላልና። ዋርፋሪንን የመሰለ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ለመድማት ሊጋለጥ፣ የግፊት መድኃኒት የሚውጥ ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድበት ይችላል። የድብርት መድኃኒት ላይ ያለም ሐኪሙን ሳያማክር ሊደርበው አይገባም። መድኃኒቱን አቁሞ በሳፍሮን መተካትማ ከሁሉ የከፋው ነው።

«ከአሜሪካ የመጣ ነው» የሚለውም መከራከሪያ አያሳምነንም። እዚያው አሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕልመንት ገበያ ላይ ለመውጣት እንደ መድኃኒት ቀድሞ መጽደቅ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ሐኪሞቻችንና ፋርማሲስቶቻችን «ሌላ የምትወስዱት ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁን። ካልጠየቁን እኛው እንንገራቸው፤ ቅመሙንም፣ ቅጠሉንም፣ እንክብሉንም። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ጉበቱም ደሙም የእኛ ነው።