የቦሌ ትምህርት ቤቶች በምን ሚዛን ይመዘኑ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተነገረ ቍጥር፥ በቦሌም ሆነ በገርጂ፥ በሰሚትም ሆነ በአያት የሚኖር ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «የኛ ሰፈር ትምህርት ቤት ስንት አሳለፈ?» የሚል ነው። ጥያቄው የተገባ ነው። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ከዐቅሙ በላይ ለሆነበት አባት፥ ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች የትኛው እንደሚሻል ማወቅ የልጁን ዕድል እንደ ማወቅ ይቈጠራል። ነገር ግን መልሱ በአንድ መቶኛ ብቻ ሲሰጠው ምን ያህል ሊያሳስተው እንደሚችል ለመረዳት፥ በመጀመሪያ የአገሪቱን ጠቅላላ ውጤት መመልከት ይጠቅማል።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነው። በዚያ ዙር ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፥ ማለት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ ይህም ከመቶ 8.4 ነው። በመቶኛው ሲታይ ውጤቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኗል። ያለፉትን ልጆች አንድ በአንድ ስንቈጥር ግን ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ ልዩነቱን ያመጣው የተፈታኙ ቍጥር ከ310 ሺህ በላይ መቀነሱ ነው። ለመቀነሱም አንዱ ምክንያት በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጸጥታው ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መቈየታቸው ነው። ከፈተና የቀረ ልጅ በመቶኛው ውስጥ አይታይም፤ የወደቀም አይባል፥ ያለፈም አይባል።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ከ2015 እስከ 2016 ዓ.ም. ያለፉት ተማሪዎች ከ27,267 ወደ 36,409 ከፍ ሲሉ፥ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ቍጥር ሊቀንስ ሲገባው ከ1,328 ወደ 1,363 ጨመረ። እንግዲህ የተገኘው ዕድገት ቀድሞም ያሳልፉ በነበሩት ዘንድ ተከማቸ ማለት ነው። «ዘንድሮ ተሻሽሏል» ሲባል «የማን?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ይህንኑ ወደ ሰፈር አውርደን እንየው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው 100 ተማሪዎች በ9ኛ ክፍል ተቀበሉ እንበል። አንደኛው ደካሞቹን በየክፍሉ እያስቀረ 50ውን ብቻ ለፈተና አቅርቦ 10 ቢያሳልፍ፥ ከመቶ 20 አሳለፈ ተብሎ ይመሰገናል። ሁለተኛው 90 አቅርቦ 13 ቢያሳልፍ ከመቶ 14 አሳለፈ ይባልና ወደ ኋላ ይቀራል። ነገር ግን ከተቀበላቸው ልጆች ብዙውን ለፍሬ ያበቃው ሁለተኛው ነው። ባንድ ቍጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው ሰነፉን ሸልሞ ትጉሁን ይቀጣል።

የቦሌ ነገር ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ያወሳስባል። ቦሌ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ፎቁ፥ ሆቴሉና አውሮፕላን ማረፊያው ነው። የነዚያ ባለጸጎች ልጆች ግን በአብዛኛው ወደ ግል ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ፥ በመንግሥቱ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጡት የዘበኛው፥ የቀን ሠራተኛው፥ የጕልት ቸርቻሪዋ ልጆች ናቸው። ቀን በሰው ቤት ስትሠራ ውላ ማታ ደብተሯን ይዛ የምትመጣዋም ወጣት አለች፤ የርሷን ውጤት ከቀን ተማሪ ጋር ደባልቆ ማወዳደር ከቶ ፍርድ አይባልም።

ወደ ምሥራቅ ስንዘልቅ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በአያት፥ በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከየሰፈሩ የተሰበሰበ ሕዝብ ይዘው ጥቂት ዓመታት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከተማ ሆኑ። 11ኛ ክፍል ላይ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ ልጅ ቢያልፍ ምስጋናው ለማን ነው? ቢወድቅስ? በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኵራ ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲቋቋም፥ ከቦሌ የተከፈሉት ሰፈሮች ትምህርት ቤቶቻቸውን ይዘው ነው የሄዱት። ስለዚህ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን የቦሌን ውጤት በአንድ መስመር አሰልፎ «ወጣ»፥ «ወረደ» ማለት አይቻልም።

በዚሁ በምሥራቁ በኩል በኮተቤ በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጊዜው ስሙ እጅግ የገነነ ነበር። ክብሩ የሚገባው ነው፤ ሆኖም ተማሪዎቹ ተመርጠው የሚገቡና በአዳሪነት የሚማሩ እንደ ነበሩ መዘንጋት የለበትም። ዛሬም አዳሪ ትምህርት ቤቶች በውጤት ቀዳሚ ሲሆኑ፥ ከበር ማንንም ሳይመልስ የሚቀበለውን የሰፈር ትምህርት ቤት «እንደነርሱ ለምን አልሆንክም?» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው።

እንግሊዞች ከ1992 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቈጣጠር) ጀምሮ የየትምህርት ቤቱን ውጤት በሠንጠረዥ ሲያትሙ ይኸው ክርክር ገጥሟቸዋል። ዌልስ በ2001 ሠንጠረዡን ተወችው፤ እንግሊዝ ግን አልተወችም፥ ነገር ግን ከ2016 ጀምሮ ልጁ ሲገባ የነበረውን ዕውቀት ሲወጣ ካለው ጋር የሚያነጻጽር መለኪያ ጨመረች። ከሁለቱ የእንግሊዙ መንገድ ለእኛ የሚሻል ይመስለናል፤ ውጤትን መደበቅ ወላጁን ለወሬ አሳልፎ ይሰጠዋልና።

በእኛም አገር የትምህርት ኢንስፔክሽን አለ። ትምህርት ቤቶችን በግብዓት 25፥ በሂደት 35፥ በውጤት 40 ከመቶ መዝኖ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ያወጣቸዋል። ሚዛኑ ከፈተና መቶኛ ብቻ የተሻለ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱንና የመምህሩን ሥራ ያያል። የሚጐድለው ተማሪው ከምን ተነሥቶ ምን ደረሰ የሚለው ነው። ይህንንም ለማወቅ አዲስ ፈተና ማውጣት አያሻም፤ የከተማው ትምህርት ቢሮ የ8ኛ ክፍልን ፈተና ራሱ ስለሚሰጥ፥ የዚያን ልጅ ውጤት ከአራት ዓመት በኋላ ከሚያመጣው የ12ኛ ክፍል ውጤት ጋር ማያያዝ ብቻ ነው።

ይህ እስኪደረግ ድረስ፥ በምዝገባ ጊዜ ልጁን ይዞ የቀረበ ወላጅ ርእሰ መምህሩን «ከመቶ ስንት አሳለፋችሁ?» ከማለት ይልቅ፥ «ከአራት ዓመት በፊት በ9ኛ ክፍል ስንት ተቀበላችሁ? ከነዚያስ ስንቱ ለፈተና ቀረበ? የቀሩት የት ሄዱ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሦስቱም ጥያቄ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ውስጥ መልስ አላቸው።