የእርሻ መሣሪያ ብየዳ የማኅበራት መሪዎችን ክትትል ይሻል

የእርሻ ወቅት በተቃረበ ቁጥር በየወረዳው ከተማ በሚገኙ የብየዳ ቤቶች ደጃፍ ማረሻ፣ ወገል፣ የጋሪ አካልና የወፍጮ ዕቃ ተከምሮ ይታያል። ተጠግኖ የተመለሰው መሣሪያ በሳምንቱ ሲሰበር ወቀሳው የሚያርፈው በበያጁ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚፈጸመው ገና እሳቱ ሳይጫር፣ በዝግጅቱ ወቅት፣ ባለንብረቱ አጠገቡ ቆሞ እያየ ነው። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪ የጋራ ንብረትን ለጥገና አስረክቦ፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ መሄዱ ኃላፊነትን መወጣት ሊባል አይችልም።

በ1970ዎቹ ዓመታት የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ወፍጮ ሲያቋቁሙ ለጥቂት ብየዳ እንኳ ረጅም መንገድ መጓዝ ግድ ይሆን ነበር። ዛሬ ኢንቨርተር የሚባለው በአንድ እጅ የሚነሣ የብየዳ ማሽንና ጄኔሬተር ሥራውን እስከ ገጠር ቀበሌ አድርሰውታል። ይህ በጎ ለውጥ ነው። ሆኖም ማሽኑ በመቅለሉ ሙያውም የቀለለ የመሰላቸው ጥቂቶች አይደሉም።

ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው ንጽሕና ነው። ዝገት፣ ቀለም፣ ግራሶና ጭቃ ባልተወገደለት ብረት ላይ ሲበየድ ከእነዚህ የሚወጣው ጋዝ በቀለጠው ብረት ውስጥ ታፍኖ ይቀርና ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ይበሳሳል። እንጀራን ዓይኑ ያስመሰግነዋል፤ የብየዳ ዓይን ግን መሰበሪያ ነው። ብረቱ በብሩሽና በግራይንደር እስኪነጣ ድረስ መፋቅ አለበት። ውፍረቱ ከ5 ወይም ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ብረት ጫፍ ለጫፍ ሲገጠም ደግሞ ጠርዙ ተሞርዶ ትልም የመሰለ ቦይ ካልተበጀለት በስተቀር ቀልጦ የሚገባው ብረት ከላይ ብቻ ይለጠፋል። ለዓይን ያማረ፣ ቀለም የተቀባ፣ ጭነት ሲያርፍበት ግን እንደ ቅርፊት የሚነሣ ብየዳ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የኤሌክትሮዱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በክረምት ካርቶኑ ተከፍቶ በአፈር ወለል ላይ የከረመ ኤሌክትሮድ ርጥበት ይጠጣል፤ ሲነድ ይንጣጣል፣ ፍንጣሪው ይበዛል። በተለይ 7018 የተሰኘው ዓይነት ርጥበት ከገባው ብየዳው ከቀዘቀዘ ከብዙ ሰዓት በኋላ እንኳ ሊሰነጠቅ ይችላል። በየሱቁ ለሚገኘው 6013፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 130 አምፔር ይበቃዋል። ኃይሉ ሲያንስ ብየዳው በብረቱ ላይ እንደ ገመድ ጉብ ብሎ ይቀራል፤ ሲበዛ ጠርዙን ይበላዋል። በቀጭንና በረጅም ገመድ መብራት ስቦ መበየድም ኃይሉን ስለሚያሳንሰው ውጤቱ ያው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ገበሬ የሚጎዳው በማረሻው ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ማረሻ ከተራ ላሜራ ጋር አንድ አይደለም። በላሜራ ውስጥ ያለው ካርቦን ከ0.25 በመቶ የማይበልጥ ሲሆን በባሌስትራ ውስጥ ግን ግማሽ በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይገኛል። ይህ ካርቦን ነው ማረሻው ድንጋይን እንዲችል የሚያደርገው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ብረት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል። በያጁ ሥራውን እንደ ጨረሰ ገበሬው ስለቸኮለ ብቻ ውኃ ይደፋበታል። ማረሻው በማግስቱ ይሰበራል፤ የሚሰበረውም በብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው ጎን ነው። ተመልሶ ቢበየድ ሌላው ጎን ይከተላል። ዘር በሚዘራበት ሳምንት በሬ ጠምዶ የቆመ ገበሬ በዚህ የሚያጣው ቀን በገንዘብ የሚተካ አይደለም።

መፍትሔው የተሰወረ አይደለም። ማረሻው ከመበየዱ በፊት ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ ይኖርበታል። መለኪያ ባይኖር እንኳ ተፍቆ የነጣው ብረት የገለባ መልክ ይዞ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ በዚያ መጠን መሞቁ ይታወቃል። ከተበየደ በኋላ በደረቅ አመድ ተቀብሮ በራሱ ጊዜ ይብረድ። ውኃ የሚባል አይቅረበው።

ደግሞስ ማረሻ ሁሉ ወደ ብየዳ ቤት መሄድ አለበት? ጫፉ የዶለዶመውን ማረሻ በፍም አግሎ፣ በመዶሻ ስቦ የሚያወጣው የአካባቢው ቀጥቃጭ ነው። ብረት መቼ እንደሚነከርና መቼ እንደማይነከር ይህ ሰው ከመልኩ ያውቃል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ያም ሆኖ ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያሉ ማራቅ በየሥፍራው ፈጽሞ አልጠፋም። ማኅበራት ለብየዳ ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ለቀጥቃጩ ከሰልና ወናፍ ቢያውሉ የተሻለ ማረሻ ያገኛሉ።

የወፍጮ ጥገና ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የብየዳው የመመለሻ ገመድ ከሚበየደው ቦታ ርቆ በወፍጮው እግር ላይ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ አልፎ ሊሄድ ይችላል። በዚያም የኩሽኔታው ኳሶችና መሄጃቸው ይጎዳሉ። ወፍጮው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲንጫጫ ማንም ብየዳውን አይጠረጥርም። ገመዱ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር ማለት ምንም ወጪ የለውም።

ብየዳ ሲካሄድ ሕፃናት ከብበው ማየታቸውም በቸልታ መታለፍ የለበትም። ብርሃኑን ያየ ዓይን ከሰዓታት በኋላ አሸዋ የተበተነበት ያህል ይቆጠቁጣል። እንዲሁም ዚንክ የተቀባ ቱቦ ወይም ቆርቆሮ ቅባቱ ሳይፈገፈግ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትን ያስከትላል፤ ወባ ነው ብሎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ።

የነዳጅ በርሜል ጉዳይ ግን ድርድር የለውም። ነዳጁ ያለቀበት በርሜል ሙሉ ከሆነው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ በውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ፍንጣሪ ይጠብቃልና። አንድ ጊዜ በውኃ ማለቅለቅ አያድንም፤ በስፌቱ ውስጥ የተደበቀው ቅሪት ሲግል እንደገና ይተናል። ክዳኑን መክፈትም አይበቃም። የከብት ማጠጫ ገንዳ የሚያስፈልገው ማኅበር አዲስ ላሜራ ገዝቶ ያሠራ፤ የነዳጅ ወይም የፀረ ተባይ በርሜል ይዞ ወደ ብየዳ ቤት የሚሄድ አባል ካለም መሪው ከመንገድ ይመልሰው።