ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሠራተኛው ምን ይደርሰዋል? የስንብት መብት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ደብረ ታቦር፦ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የትምህርት ቤት በር ባለፉት ዓመታት ደጋግሞ ተዘግቷል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የመላ አገሪቱን ትምህርት ቤቶች ዘጋ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህም በክልሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ትምህርት አቋርጠዋል። ከትምህርት ገበታ ስለ ራቁት ልጆች ብዙ ተነግሯል። በዚያው በር እየገቡ እንጀራቸውን ያገኙ ስለ ነበሩት መምህራን፣ ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞች መብት የተነገረው ግን ጥቂት ነው።

ጉዳዩን የሚያወሳስበው ደግሞ አንድ የትምህርት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በአንድ ሕግ የማይተዳደሩ መሆናቸው ነው። የመንግሥት መምህሩ በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ፣ የግል መዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኛሉ። ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢና ከወላጅ መዋጮ የሚከፈለው ዘበኛ ግን በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ ብዙ ጊዜ ራሱም፣ የቀጠሩትም አያውቁም።

ከመንግሥት መምህሩ እንጀምር፤ የእርሱ ነገር አጭር ነው። የትምህርት ቤቱ መዘጋት በራሱ ከሥራ መሰናበት አይደለም። የሥራ መደቡ እስካልተሰረዘ ድረስ ሠራተኛው የመንግሥት ሠራተኛ እንደሆነ ይቆያል፤ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊዛወርም ይችላል። ስለዚህ የእርሱ ጥያቄ የስንብት ሳይሆን የደመወዝ፣ የምደባና የደኅንነት ጥያቄ ነው። አደጋው ሌላ ነው፤ ቀበሌውን ለቅቆ የሄደ መምህር በጥሪ ማስታወቂያ ከሥራ ሊሰናበት ይችላል። ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነን ምክንያት የሚቀበል ቢሆንም ያ ምክንያት በጊዜው በጽሑፍ ካልቀረበ በኋላ ማስረዳቱ ይከብዳል።

የስንብት ክፍያ ጥያቄ በሙሉ ክብደቱ የሚመጣው በግል ትምህርት ቤት ሠራተኞች ላይ ነው። በአዋጅ 1156 መሠረት በመዘጋት ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊከሰቱ ይችላሉ፤ ብዙ አሠሪዎች ሦስቱንም «ትምህርት ቤቱ ቆሟል» በሚል አንድ ቃል ያልፏቸዋል። የመጀመሪያው እገዳ ነው። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም አሠሪው ባላጠፋው የገንዘብ ችግር ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቆም የሥራ ውሉ ይታገዳል፤ በዚህ ጊዜ ደመወዝ አይከፈልም፣ ውሉ ግን አይፈርስም። አሠሪው ይህን በ3 ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። መሥሪያ ቤቱም በ3 ቀናት ውስጥ ይወስናል፤ ካልወሰነ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል። እገዳው ከ90 ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ድርጅቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊመለስ እንደማይችል ከታመነበት ሠራተኛው በእገዳ ስም እየተጠባበቀ አይኖርም፤ የስንብት ክፍያ የመጠየቅ መብቱ ይከፈትለታል።

ሁለተኛው ቅነሳ ነው። ትምህርት ቤቱ ሥራውን ቢቀጥልም ተማሪ ቀንሶበት መምህራንን ሲያሰናብት፣ የሚሰናበቱት ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶ ከሆኑ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሰዎች ከሆኑ ሕጉ ቅነሳ ይለዋል። ያኔ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር ይጠበቅበታል። የሥራ ችሎታና ምርታማነት እኩል በሆኑበት ጊዜም በቅድሚያ የሚነኩት አጭር አገልግሎት ያላቸው ናቸው፤ ነፍሰ ጡሮችና የወለዱ እናቶች እስከ 4 ወር ድረስ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ትምህርት ቤቱ እስከ ወዲያኛው መዘጋቱ ነው።

በቅነሳም ሆነ በፍጹም መዘጋት ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ በአዋጁ አንቀጽ 40 ተቆርጦ ተቀምጧል። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አያልፍም። በእነዚህ በሁለቱ ምክንያቶች ሲሆን ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልበታል። ለምሳሌ በወር 4,500 ብር እየተከፈላት 6 ዓመት ያገለገለች፣ ለጡረታ ዕድሜ ያልደረሰች መምህርት ብትቀነስ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 4,500፣ ለቀሪዎቹ 5 ዓመታት 7,500፣ ለ60ው ቀን 9,000፣ በጠቅላላው 21,000 ብር ይደርሳታል። በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ስለሚገባ፣ ያ ካልተሰጣት የሁለት ወር ደመወዝ 9,000 ብር ይጨመርላታል። ያልተጠቀመችበት የዓመት ዕረፍትም በገንዘብ ይታሰባል። ይህ ሁሉ ውሉ ከተቋረጠበት ጊዜ አንሥቶ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪን ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊቀጣው ይችላል። የሙከራ ጊዜውን፣ ማለትም 60 የሥራ ቀናትን፣ ያልጨረሰ ሠራተኛ ግን በዚህ አይካተትም።

አሠሪዎች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ብቻ የሚቆይ የ10 ወር ውል የሚያስፈርሙ የግል ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ሲዘጉም «ውሉ ጊዜው አልቋል» ይላሉ። አዋጁ ግን የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ እንደሚቆጠር ደንግጎ፣ የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ለይቶ ይዘረዝራል። በየዓመቱ የሚከፈት ክፍል ውስጥ በየዓመቱ ያው መምህር ሲያስተምር የሥራው ቋሚነት ከወረቀቱ ይልቅ ይናገራል። በሌላ ወገን ደግሞ እውነቱን መካድ አይገባም፦ ወላጅ ተሰድዶ ወርሃዊ ክፍያ የቀረበት አነስተኛ መዋዕለ ሕፃናት ለአሥር ሠራተኛ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል? በኮሮና ጊዜ መንግሥት ወላጆች ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲከፍሉ፣ ትምህርት ቤቶችም የመምህራንን ደመወዝ እንዲከፍሉ በማድረግ ሸክሙን ለማካፈል ሞክሮ ነበር። ለግጭት ጊዜ እንዲህ ያለ መላ በአዋጁ ውስጥ አልተበጀም፤ ሕጉ ዕዳውን ያስቀምጣል፣ ገንዘቡን ግን አያመጣም።

ወደ ዘበኛው እንመለስ። የላይና የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬዎች ይህን ሰው ያውቁታል፤ ደመወዙን በየቤቱ አዋጥተው የሚከፍሉት እነርሱ ናቸውና። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውሳኔ በቃል ይቀጠራል፤ ትምህርት ሲቆምም በቃል «በቃ» ይባላል። በዙራምባና በቤተልሔም አብነት ትምህርት ቤቶች ተማሪው ለምኖ፣ ምእመኑ መጽውቶ ትምህርት እስከ ዛሬ በቆየበት በዚህ አገር፣ ለትምህርት ቤት ማገልገል እንደ ውለታ መታየቱ አይደንቅም። ሕጉ ግን ውለታን ከቅጥር ይለያል። የሥራ ውል የተለየ ቅርጽ አያስፈልገውም፤ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የተፈረመ መግለጫ ሊሰጥ ይገባል፤ ይህም ሳይሆን ቢቀር ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

ቀጣዩ ጥያቄ አሠሪው ማን ነው የሚለው ነው። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነውና ጉዳዩ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውጭ ነው የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ ዘበኛው በመንግሥት መደብ ያልተቀጠረ፣ ከመንግሥት በጀት ያልተከፈለ ነው የሚል መልስም ይኖረዋል። ክርክሩን የሚፈታው የቅጥሩ ቃለ ጉባኤና የክፍያ ደረሰኝ ነው። ለገበሬውም ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤውን የፈረመው የኅብረቱ ሰብሳቢ አንድ ቀን በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ማን እንደቀጠረ፣ ከየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈልና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ማስፈር ለዘበኛውም ለመንደሩም ይበጃል።

ከሁሉ ይልቅ በዚህ አካባቢ መብትን የሚበላው ይርጋ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር፣ ከውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። መንገድ ተዘግቶ፣ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት መድረስ ሳይቻል 6 ወር ማለፉ በስማዳና በጋይንት እንግዳ ነገር አይደለም። አዋጁ ለዚህ ጠባብ በር ትቷል፦ መዘግየቱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ያረጋገጠ ዳኛ ክሱን ሊቀበል ይችላል፤ ነገር ግን ክሱ ያ ምክንያት ከተወገደ በ10 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት። 10 ቀን ለከተማ ሰው ይበቃ ይሆናል፤ ከስማዳ ቆላ ተነሥቶ ወገዳ ለሚደርስ፣ ማስረጃው ከቤቱ ጋር ለጠፋበት ሰው ግን እጅግ ያጥራል። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር ተሰድዶ የቆየ ሠራተኛም «ለምን ከዚያ ሆነህ አላመለከትህም?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ይርጋውን የሚያቋርጥ ቀላል መንገድ ግን አለ። ፍርድ ቤት መድረስ ያልቻለ ሠራተኛ አዋጁን ለማስፈጸም ኃላፊነት ላለው መሥሪያ ቤት፣ በዚህ ክልል ለሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት፣ አቤቱታውን በጽሑፍ ቢያቀርብ የጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጠው ድረስ ይርጋው ይቋረጣል። አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ያመነበት ደብዳቤም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ማኅተም ያረፈበት የአቤቱታው ቅጂ በእጅ ሊቆይ ይገባል። ሠራተኛው በሥራ ክርክር ችሎት ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ችሎቱም በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን በሕግ ታዟል። ቅር የተሰኘ ወገን ይግባኙን የሚያቀርበው በ30 ቀናት ውስጥ ነው።