«ኤችአይቪ የለበትም» ከተባለ በኋላስ?



አንዲት እናት የ3 ዓመት ልጇን ይዛ ከነገሌ ቦረና መጣች። ልጁን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ይዞታል፤ ጆሮውም መግል ማፍሰሱን አላቆመም። ታላቅ ወንድሙ በጨቅላነቱ በተመሳሳይ ሕመም አርፏል። «ዶክተር፣ ኤችአይቪ የለበትም ብለውኛል። ታዲያ ልጄ ለምን አይድንም?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ልክ ነው። የመከላከል አቅም ማነስ ሲባል ኤችአይቪ ብቻ ነው ትዝ የሚለን። ግን በዘር የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍም አለ። አንዳንድ ልጆች በሽታ የሚከላከለውን አንቲቦዲ ማምረት አይችሉም። ከእናታቸው የያዙት ስንቅ በ6 ወር ገደማ ሲያልቅ ኢንፌክሽኑ ይደራረብባቸዋል። የዚህ ልጅም ምርመራ ይህንኑ አሳየ።

ሕክምናው ኢሚዩኖግሎቡሊን ይባላል። በሺዎች ከሚቆጠሩ ጤነኞች የደም ፕላዝማ ተጣርቶ የሚዘጋጅ አንቲቦዲ ነው። በደም ሥር በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይሰጣል። የጎደለውን ይተካል እንጂ በሽታውን አይነቅልም፤ ስለዚህ ማቋረጥ የለም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ውድ ነው። ከነገሌ አዲስ አበባ ደግሞ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህቺ እናት በየወሩ ደርሶ መልስ 1,200 ኪሎ ሜትር ትችላለች?

«በሽተኞቹ ጥቂት ናቸው» የሚል ክርክር እሰማለሁ። እኔ ግን ጥቂት መሆናቸው ሥራውን ያቀለዋል ባይ ነኝ። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ በኪሎ 0.4 ግራም ቢሰላ፣ በወር 6 ግራም ነው። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ክትባት እኮ በዚሁ ቅዝቃዜ ሞያሌም ፊልቱም ይደርሳል። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም ነገሌ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ታማሚዎቹ ይመዝገቡ፣ መድኃኒቱ በየስማቸው ይላክ። ለምርመራም ቢሆን ልጁ ከሚንገላታ የደም ናሙናው ይጓዝ።

እናንተስ? ልጃችሁ በዓመት 2 ጊዜ የሳንባ ምች ወይም 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የጆሮ ኢንፌክሽን ከያዘው፣ ክብደት አልጨምር ካለ፣ ወይም በቤተሰብ ውስጥ በኢንፌክሽን የሞተ ሕፃን ካለ፣ «የኢሚዩኖግሎቡሊን መጠኑ ይለካ?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ክትባት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ግን ጥርጣሬውን ከመከተቡ በፊት ተናገሩ።

ቆላ ላለ ዘመድ ሼር አድርጉለት።