የልደት ድንጋይና ዕድላችን

ሰው በተወለደበት ወር የተመደበለትን የከበረ ድንጋይ በቀለበት አሠርቶ ቢያደርግ ዕድሉ ይቃናለታል የሚል ልማድ በአውሮፓና በአሜሪካ አለ። ለጁላይ ሩቢ፣ ለሴፕቴምበር ሰንፔር፣ ለኦክቶበር ኦፓል ተመድቧል። በኦሪት ዘጸአት እንደ ተጻፈው በሊቀ ካህናቱ በአሮን የደረት ልብስ ላይ 12 ዕንቍዎች ስለ ነበሩ፣ የሐሳቡ ሥር ጥንታዊ ነው። ዛሬ የሚሠራበትን ዝርዝር ግን የወሰነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1912 ዓ.ም. የአሜሪካ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ነው። ከዚህ የምንረዳው ድንጋዩን ለወሩ የሰጠው ኮከብ ሳይሆን ገበያ መሆኑን ነው።

የድንጋዩ እውነተኛ ታሪክ ግን ከልማዱ ይልቅ ያስደንቃል። ሩቢና ሰንፔር ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም ኮረንደም የሚባል አንድ ማዕድን ናቸው፤ ጥቂት ክሮሚየም ሲገባበት ቀይ፣ ብረትና ቲታኒየም ሲገቡበት ሰማያዊ ይሆናል። ኦፓል ደግሞ ውሃ ያዘለ ሲሊካ ነው፤ ኅብረ ቀለሙም የሚታየው በውስጡ የተደረደሩት ጥቃቅን እንክብሎች ብርሃንን ሲበታትኑት ነው።

ይህ ኦፓል ከእኛ የራቀ አይደለም። በወሎ በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ በዓለም ገበያ ስም አግኝቷል። ይሁን እንጂ ገበሬው ከገደል ፈልፍሎ ያወጣው ድንጋይ ብዙው በጥሬው ወደ ሕንድ አገር እየተጫነ እዚያ ሲቈረጥና ሲወለወል ኖሯል፤ የሙያው ዋጋም ለባለሙያው ቀርቷል።

ስለዚህ ወጣቶቻችን «የወሬ ድንጋይ የትኛው ነው?» ከማለት ይልቅ «ድንጋዩን የሚያስከብረውን ሙያ የት እማራለሁ?» ብለው ቢጠይቁ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉትም መልሱን ቢያዘጋጁ ዕድል በእጃችን ነው እንላለን።